ጤነኛውን ዲስክ ንቀሉት

«የሚሠራ ዲስክ ከሰርቨር ላይ መንቀል ንብረት ማበላሸት ነው።»

ይህን የሰማሁት በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ነው። በአዲሱ ሲስተም የርክክብ መርሐ ግብር ውስጥ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ፈተና ነበር። ሲስተሙ እየሠራ ሳለ ዲስኩ በእጅ ተነቅሎ፣ ዲስክ ድንገት ቢሞት ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎችን ዲስኩ ላይ የሚያደራጀው ሶፍትዌር) እና ዳታቤዙ (የመረጃ ቋቱ) ከወደቁበት እንዴት እንደሚነሱ የሚታይበት ፈተና ነው። ተሰረዘ። «ፋይል ሲስተሙ ጆርናል አለው፣ ራሱን ይጠግናል» ተባለ። «ደግሞ ዩፒኤስም ጄኔሬተርም አለን» ተባለ። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም አልበረደልኝም።

ከንብረቱ ልጀምር። ዲስክ አላቂ ዕቃ ነው። እንደ መኪና ጎማ ያልቃል። ዛሬ በእጃችን ባንነቅለው አንድ ቀን በራሱ ጊዜ ይሞታል። ያኔ ሰዓቱን የምንመርጠው እኛ አይደለንም። የወር መጨረሻ፣ ደመወዝ የሚሠራበት ሌሊት ሊሆን ይችላል። ለመሆኑ ንብረት የሚባለው የትኛው ነው? ቆርቆሮው ነው ወይስ ውስጡ ያለው የሰው ሒሳብ፣ የሰው ካርታ፣ የሰው ማስረጃ? ለቆርቆሮው የንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ ሞዴል 19፣ አለን። ለመረጃው ግን የሚጠየቅ ሰው የለም።

ዩፒኤስ የሚጠቅመው መብራት ሲሄድ ነው። ዲስኩ ራሱ ሲሞት፣ ኬብል ሲላቀቅ፣ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ሬይድ ካርድ ሲበላሽ ዩፒኤስ ምን ያደርጋል? ምንም። ለመብራቱም ቢሆን የሚያኮራ ነገር የለንም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የዩፒኤሱ ባትሪ አልቆ ሰርቨር ሲወድቅ ያላየ የአይቲ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ ጆርናሉ ልምጣ። ጆርናል የፋይል ሲስተሙ ማስታወሻ ደብተር ነው። ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ይጽፍበታል። መሃል ላይ ቢወድቅ፣ ሲነሳ ደብተሩን አንብቦ የጀመረውን ይጨርሳል። ግሩም ነገር ነው፣ አልክድም። ድሮ ሰርቨር በወደቀ ቁጥር ሙሉ ዲስክ እስኪፈተሽ ሰዓታት እንጠብቅ ነበር፤ ያን አስቀርቶልናል። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት ኢኤክስቲ4 የተባለው ፋይል ሲስተም፣ ካልቀየርነው በስተቀር፣ ጆርናሉ ላይ የሚጽፈው የፋይሉን ስም፣ መጠንና ቦታ ነው። ይዘቱን አይደለም። ቤቱ አልፈረሰም ማለት ዕቃው አልተሰረቀም ማለት አይደለም። ደግሞስ ደብተሩ የተቀመጠው የት ነው? በተለመደው አሠራር እዚያው በሚሞተው ዲስክ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ የሆነውን ስብሰባው ላይ ላነሳው ብሞክርም ጊዜ አልተሰጠኝም። እዚህ ልናገረው።

ኤፍሲንክ የሚባል ትእዛዝ አለ። ፕሮግራሙ ከርነሉን፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን (የሊኑክስን) እምብርት፣ «የሰጠሁህ መረጃ ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጥልኝ» የሚልበት ነው። ዳታቤዝ የሚባል ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው። ዲስኩ መጻፍ ቢያቅተው ሊኑክስ ስህተት ይመልሳል። የፖስትግሬስ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ስህተት ሲመጣ ቆይቶ እንደገና ይሞከራል፣ ሁለተኛው ከተሳካ መረጃው ደርሷል ማለት ነው ብለው ሠሩት። ለሃያ ዓመት ገደማ እንደዚህ ኖሩ።

እውነታው ሌላ ነበር። ሊኑክስ ስህተቱን የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ማህደረ ትውስታው ላይ ያለውን ያልተጻፈ ገጽ «ተጽፏል» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ «ተሳክቷል» ይላል። መረጃው ግን የትም የለም። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ጠንቃቃ ፕሮግራመሮች መካከል የሚቆጠሩ ሰዎች፣ የሚሠሩበትን መሬት ለሃያ ዓመት አላወቁትም ነበር። የታወቀውም በስብሰባ አይደለም። የአንድ ተጠቃሚ ማከማቻ ተበላሽቶ፣ መረጃው ከተጎዳ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ፖስትግሬስ ተስተካከለ። አሁን እንዲህ ያለ ስህተት ሲሰማ እንደገና አይሞክርም። ወዲያው ራሱን ይጥልና ሥራውን አስቀድሞ ከጻፈበት ከራሱ መዝገብ ይነሳል።

በጣም የሚያናድደው ደግሞ ማስጠንቀቂያው ከዚያ 13 ዓመት ቀድሞ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ዲስክ እንደተበላሸ እያስመሰሉ ፋይል ሲስተሞችን፣ ማለትም ኢኤክስቲ3ን፣ ራይዘርኤፍኤስን፣ ጄኤፍኤስንና የዊንዶውሱን ኤንቲኤፍኤስ ፈተኑ። ኢኤክስቲ3 መጻፍ ሲያቅተው በብዙ ቦታ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ድንገተኛ መውደቅን በመፈተን ብቻ በሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች ላይ 10 አዳዲስ ስህተቶች አገኙ። ከነሱ ሰባቱ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያው የነበሩ ናቸው። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ኮድ ውስጥ! እኛ ደግሞ ሁለት ሰዓት በዛብን እንላለን።

«ታዲያ እነሱ ከፈተኑልን እኛ ለምን እንደግማለን?» ይባል ይሆናል። የእናንተን ሬይድ ካርድ አልፈተኑም። መብራት ሲሄድ ገና ያልተጻፈውን መረጃ የሚያቆየው የካርዱ ባትሪ መሞት አለመሞቱን አያውቁም። የእናንተን ፕሮግራምም አይተውት አያውቁም።

ካቻምና ሌላ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ፈተና እንድሠራ ፈቅደውልኝ ነበር። የሙከራው ሰርቨር አንድ ዲስክ ብቻ ነበረው። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሦስት ፎርም ሞልታ በሦስት ታብ ከፍታ ትጠብቃለች። የዲስኩን መያዣ ተጭኜ ሳብኩት። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ዲስኩ እጄ ላይ ነው፣ ገና ይሞቃል። «እህቴ፣ አሁን ሴቭ አድርጊው» አልኳት። አደረገች። ስክሪኑ «በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል» አለ። ዲስኩ እኮ እጄ ላይ ነው! ሁለተኛውንም ሴቭ አደረገች። «ተመዝግቧል።» ስህተት የወጣው ሦስተኛው ላይ ነው።

ዲስኩን መልሼ ሰክቼ ሰርቨሩን አስነሳሁት። ፋይል ሲስተሙ ጆርናሉን አንብቦ በሰከንዶች ተነሳ። ፍተሻውም ንጹሕ ነው አለ። ሁለቱ ፎርሞች ግን አልነበሩም። ልጅቷ ፊቷ ተለዋውጦ «ስንት ጊዜ እንዲህ ሆኖብን ይሆን?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ለካ ፕሮግራሙ ኤፍሲንክን ጨርሶ አይጠራም ነበር። መረጃውን ማህደረ ትውስታ ላይ አኑሮ «ተመዝግቧል» ይላል። የሠሩት ልጆች ከሰዓት ቁጭ ብለው ያንኑ ቀን አስተካከሉት። ይህን ስህተት የትኛው ጆርናል ይጠግነው ነበር? የትኛው ዩፒኤስ?

ሰው እያገለገለ ካለ ሰርቨር ላይ ዲስክ ንቀሉ የሚል ሰው የለም። የሙከራ ሰርቨር ይሁን። መጀመሪያ ሊኑክስ ውስጥ ባለው ዲኤም-ፍሌኪ ጀምሩ፤ ነጻ ነው፣ ዲስኩን ሳትነኩ እንደሞተ ያስመስልላችኋል። ቀጥሎ ግን በእጅ ይነቀል። ምክንያቱም ካርዱ ያልጻፈውን «ጽፌያለሁ» ብሎ የሚዋሸው እዚያ ላይ ነው።

ፈተናውን የሰረዘው የዚያ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ሲስተም ሥራ ሊጀምር ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ቃለ ጉባኤ ይሻራል። ዲስኩ ከተበላሸ ዋጋውን ከኪሴ እከፍላለሁ፤ ይህንን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። መልስ እየጠበቅሁ ነው።