ጋኔን ሲከሰስ

ደሴ ውስጥ ሰው ድንገት ሲታመም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው፤ ቀጥሎ ዓይነ ክፉ ጎረቤት፤ ሁለቱም ነፃ ሲወጡ ጋኔን። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ጠበቃ አያቆም፣ ይግባኝ አይል፤ ፋይሉ ቶሎ ይዘጋል።

መርማሪው ደብተራም ይሁን ባለ ውቃቢ፣ ሥራው የሚጀምረው ረከቦት ፊት ነው። የበሰለ መርማሪ እስከ በረካ አንድም ጥያቄ አያነሳም። በአቦል ጎረቤት «ኧረ እኛ ምን እናውቃለን» ይላል፤ በቶና «ሰው ያወራል እንጂ» ይመጣል፤ በረካ ሲቀዳ የታማሚዋ አማት ስም ይወጣል። ከአቦል ተነስቶ የሄደ መርማሪ ከኮከብ መቁጠሪያ መጽሐፉ ጋር ብቻውን ይቀራል።

መጽሐፉም ሒሳብ አለው። የታማሚዋና የእናቷ ስም ፊደላት በየቁጥራቸው ተደምረው ለ12 ይካፈላሉ፤ ቀሪው ኮከቧን ይናገራል። ችግሩ ሰው የቤት ስምም የክርስትና ስምም ያለው መሆኑ ነው (ወሎ ላይማ በአንድ ቤት ከድርም ገብሬም አይጠፋም)። ሁለት ስም ሁለት ኮከብ ያወጣል። ብልህ ሁለቱንም አስልቶ በበረካ ከሰማው ጋር የሚገጥመውን ያነባል።

ከዚያ ጭሱ። የቀበርቾ ሥር ተቀጥቅጦ ፍም ላይ ይጣላል፣ በሩ ይዘጋል፣ ታማሚዋ ነጠላ ተከናንባ ትታጠናለች። «ማን ነህ? ከየት መጣህ? በምን ያዝካት?» ይላል መርማሪው ጋኔኑን። እሷ ትስላለች፣ ታለቅሳለች፣ በመጨረሻ ስም ትጠራለች። በዚያ ጭስ ውስጥ ዶሮም ብትጠየቅ ታምናለች።

ፍሙ ላይ ግን ቆም እንበል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ከሰሉ ከነማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል፣ የመስኮቱ ቀዳዳ በጨርቅ ይወተፋል። በቂ አየር ያጣ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት፣ መቀባጠር፦ ጋኔኑ የተከሰሰበት በሙሉ። ቤተሰቡ አንድ ላይ ከታመመና ደጅ ሲወጣ ከተሻለው ተጠርጣሪው ማንደጃው ነው፤ እሱ ደግሞ ማስፈራራት ብቻ አያውቅም፣ ይገድላል። መርማሪያችን ምን ያደርጋል? ሌላ ፍም አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ስትወድቅ «ጣላት!» ይባላል፤ ተሸክመው ደጅ ሲያወጧት ስትነቃ «ለቀቃት!» ተብሎ እልል ይባላል።

የቀሩት ክሶች ቀላል ናቸው። ሲመሽ ከላይ «ቋ» የሚለው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን የሞቀው በብርድ ሲኮማተር ከምስማሩ ጋር ይጣላል። ሌሊት ኮርኒሱ ላይ የሚሮጠው ዱቄት ቢነሰነስለት በማግስቱ የአይጥ ዱካ ይገኝበታል። ደረት ላይ ተቀምጦ አላንቀሳቅስ የሚለው ዱካክ ነው፤ አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ሳይነቃ ይመጣል፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበረታል፣ ባለቤቱ ዘመን ቢመስለውም ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም።

ጋኔኑ ለመልቀቅ የሚጠይቀውም የታወቀ ነው፤ ገብስማ ዶሮ፣ ሽቶ፣ ከርቤ። ጎመን የጠየቀ ጋኔን አልተሰማም።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ለመክፈት ያሰበ መርማሪ ቢተወው ይሻላል፤ እዚያ ሙቀቱ ራሱ መስኮት ያስከፍታል። ደሴ የሚቀር ደግሞ ሒሳቡን ከጭሱ በፊት ይቀበል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ሁሉም ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ደግሞ ዋጋ ይከራከራል።