ደብል ጄ ወይስ በጎን የሚወጣ ስቴንት?

ጭብጡ፦ ፔልቪሱ (ኩላሊት ውስጥ ሽንት የሚጠራቀምበት ቦታ) ከዩሬተሩ (ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ ከሚያወርደው ቱቦ) ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቦ ሽንት ለታገደበት፣ 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ በላፓራስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ፓይሎፕላስቲ (ጠባቡን ቦታ ቆርጦ መልሶ መስፋት) ሲሠራለት የትኛው ስቴንት (ሽንት የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ) ይግባ፦ ሙሉ በሙሉ ውስጥ የሚቀረው ደብል ጄ ወይስ ጫፉ በጎን ቆዳ የሚወጣው? ሁለቱም ተከራካሪዎች አዲስ አበባ መሃል ከተማ የሚሠሩ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ናቸው።

ደብል ጄ ይግባ፦
ጠባቡ ቦታ ተቆርጦ ወጥቶ ፔልቪሱና ዩሬተሩ በ5-0 ወይም በ6-0 ሟሚ ክር ይሰፋሉ። ስፌቱ እስኪጠግግ ሽንቱ መውረጃ ይፈልጋል። ደብል ጄ አንዱ ጥቅል ጫፉ ፔልቪሱ ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ይተኛል፤ ከቆዳ ውጭ የሚንጠለጠል ነገር የለም። ርዝመቱ በዕድሜው ላይ 10 መደመር ነው፤ ለ4 ዓመት ልጅ 14 ሴንቲ ሜትር። የውጭው ስቴንት ያለበት የ2 ዓመት ልጅ ከሜክሲኮ ፒያሳ በሚኒባስ ሲሄድ ይታያችሁ። ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ይላል፣ የሽንት ከረጢቱ የሰው ጉልበት ሥር ይያዛል፣ እናት ልጇን ወደ ላይ ትስባለች። ስፌቱ ሳይጠግግ ስቴንቱ ከወጣ ሽንት ኩላሊቱ ዙሪያ ይቋጥራል።

በጎን ይውጣ፦
ዶክተር፣ ስለ መግባቱ ነገሩን፤ ስለ መውጣቱ ግን ዘለሉት። ደብል ጄ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ የሚወጣው በሁለተኛ ሰመመን፣ በሲስቶስኮፒ (በሽንት መውጫ ወደ ፊኛ በሚገባ ካሜራ) ነው። ከጂንካ የመጣ ቤተሰብ ልጁ መጫወት ከጀመረ «ድኗል» ብሎ ሊቀር ይችላል። የተረሳ ስቴንት ደግሞ ጨው ይጋገርበታል፣ ይሰባበራል፤ ያኔ ሥራው ድንጋይ ማውጣት ሆነ ማለት ነው።

አገባቡም ቀላል አይደለም። 3 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ) የሆነ ስቴንት 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የጨቅላ ዩሬተር ግን ፊኛው በር ላይ ይህንንም እንቢ ይላል። ሳያልፍ ከቀረ የታችኛው ጥቅል ዩሬተሩ ውስጥ ይቀራል፣ በሲስቶስኮፒ ፊኛው ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም።

የውጭው በጎን ቆዳ በመርፌ ገብቶ ወደ ፔልቪሱ ይዘልቃል፤ ቀዳዳዎቹ ስፌቱን ተሻግረው፣ ጫፉ ፊኛው በር ሳይደርስ ይቀመጣል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ሽንቱ በዩሬተሩ መውረዱን ለመፈተን የውጭ አፉ ይዘጋል። ትኩሳት፣ ትውከት ወይም የጎን ሕመም ከሌለ ተመላላሽ ክፍል ያለ ሰመመን ይሳባል። ሚኒባሱን በተመለከተ፦ ቆዳ ላይ በክር ይታሰራል፣ ትርፉ ከዳይፐሩ ሥር ይጠቀለላል፣ በከረጢቱም ምትክ ሽንቱን ሁለተኛ ዳይፐር ይቀበላል።

ደብል ጄ ይግባ፦
የፊኛው በር ጉዳይ መፈተኛ አለው። የስፌቱ የፊት ገጽ ሳይዘጋ ፊኛውን በካቴተር (በሽንት መውጫ በሚገባ ቱቦ) ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም በተቀላቀለበት ውሃ መሙላት ነው፤ ሰማያዊው በስቴንቱ የላይ ቀዳዳዎች ከመጣ ታችኛው ጫፍ ፊኛ ውስጥ ነው። ካልመጣ አይገፋም፤ ግፊት በሩን ያሳብጣል። ጨቅላ ላይ እንዲህ ከሆነ የእርስዎን እቀበላለሁ። ኩላሊቱን ሰንጥቆ የሚያልፈው የውጭ ስቴንት ግን ይደማል፣ በረጋ ደም ይደፈናል፤ ሲደፈን የሚታጠብበት ውሃም ሁለት ሚሊ ሊትር በዝግታ ካልሆነ ስፌቱን ይወጥራል። ለመረሳቱ መዝገብ ይያዛል፤ የወላጅም የጎረቤትም ስልክ ይጻፋል።

በጎን ይውጣ፦
ስልክ ይቀየራል። ፈተናውን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ሰማያዊው የመጣበት ያ የስቴንት መንገድ የፊኛን ግፊትም ወደ ስፌቱ ያመጣል፣ ካቴተሩን ቀድመው አያውጡ። መዝገብ ከያዙ አይቀር የማውጫው ቀጠሮ ከቀዶው በፊት ይቆረጥ። ያ ቀን ካልተገኘ የደብል ጄውን እሽግ አይክፈቱት።