ዝናቡን ማን ወሰደው?

ኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ እኔ ጀርመን ሥራ ላይ ነበርኩ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደርሷል። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልኩ ምስሉን አሳየኝ። "አየህ፣ ይሄ አንድ ተራራ በአንድ ቀን ያወጣውን ጭስ እኛ በመኪናችን በስንት ዓመት እናወጣዋለን? ከዚያ ለአየር ንብረት ለውጡ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ ይሉናል" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ የሚያምንበትን ነው የተናገረው።

እሁድ አገር ቤት ደወልኩ። አጎቴ ገበሬ ናቸው። እንደ ሁልጊዜው ስለ ዝናቡ ጠየቅኳቸው። "በልጉን ተወው፣ አመል አውጥቷል። ክረምቱም ሲመጣ ዘግይቶ ነው፣ ሲሄድ ደግሞ ሳይሰናበት ነው። ምን ይደረግ ልጄ፣ የእኛው ኃጢአት ነው። ዛፉንም ቆርጠን የጨረስነው እኛው ነን" አሉኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሁለቱ ንግግሮች ከአእምሮዬ አልወጣ አሉ። ብዙ ያቃጠለው አገር ሰው ተፈጥሮን ይከሳል። እዚህ ግባ የሚባል ነገር ያላቃጠሉት ሰው ራሳቸውን ይከሳሉ። እዚህ አገር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ነገር ደጋግሜ ታዝቤዋለሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከእሳተ ገሞራው ልጀምር። በዓለም ላይ ያሉ እሳተ ገሞራዎች በሙሉ ቢደመሩ፣ በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚያወጣው 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። ሰው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ብቻ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይለቃል። በጣም ትልቅ ፍንዳታ ሲሆን ደግሞ ዓለምን የሚያቀዘቅዝ እንጂ የሚያሞቅ አይደለም። በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲፈነዳ ወደ 15 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ላይኛው አየር ላከ። ከዚያ የተፈጠረው ስስ ጉም የፀሐይን ብርሃን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ዓለም ለአንድ ሁለት ዓመት በግማሽ ዲግሪ ያህል ቀዘቀዘች። ከዚያ ጉሙ ረገፈ፣ ሙቀቱም ተመለሰ። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ ሲፈነዳ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት በአውሮፓ "በጋ የሌለበት ዓመት" ተብሎ ቀረ። ያኔ ሰብሉ ሳይደርስ ቀርቶ የተራቡት እነዚሁ የጀርመን ገበሬዎች ነበሩ። ይህን ስነግረው ባልደረባዬ ገረመው። የገዛ አገሩ ታሪክ ነው።

እሱ ግን በዚህ አላቆመም። "እሺ፣ እዚህ የቆምንበት ቦታ እኮ ድሮ በረዶ ነበር። ያኔ መኪና የታለ?" አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። አገር ቤትም ሰው ይጠይቀዋል። ስለዚህ ረጋ ብሎ መመለስ ያስፈልጋል።

እውነት ነው፣ የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ ሰሜን ጀርመን በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። የእኛዎቹ ባሌ ተራሮችና ሰሜን ተራሮችም በረዶ ነበራቸው። ባሌ ውስጥ ሳነቴ በሚባለው አምባ ላይ የበረዶው አሻራ እስከ ዛሬ ይታያል። በረዶው ካለፈ በኋላ ደግሞ ዝናብ በዛ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ላይ ገጥመው አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ነበር። ሰሃራም ሣርና ጉማሬ የነበረበት ምድር ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን የሰው እጅ አልነበረበትም።

ታዲያ ማን አደረገው? ምድር ራሷ ናት። በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበት መንገድ በ100,000 ዓመት ገደማ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ዘንበል ያለው ዛቢያዋም በ41,000 ዓመት ገደማ ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። እንደ እንዝርት መንገዳገድም አላት፤ እሱም ሃያ ምናምን ሺህ ዓመት ይወስዳል። ሚሉቲን ሚላንኮቪች የተባለ ሰርቢያዊ ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት ይህን በእጁ አስልቶ አሳይቷል። የእኛ ሐይቆች የሞሉትም፣ ሰሃራ የለመለመውም፣ ምድር በዚያ ዘመን በሰሜኑ የዝናብ ወራት ለፀሐይ ይበልጥ ቀርባ ስለነበር ነው።

ልዩነቱ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ዓለም ከበረዶው ዘመን ወጥታ አምስት ስድስት ዲግሪ እስክትሞቅ ወደ 10,000 ዓመት ፈጅቶባታል። ለአንድ ዲግሪ ከ1,500 ዓመት በላይ ማለት ነው። አሁን ግን ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ብቻ ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቃለች። 2024 ብቻውን ከ1.5 ዲግሪ ተሻግሮ ተመዝግቧል። የሚገርመው ደግሞ፣ የምድር ዑደት ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ቀስ እያለ ወደ ቅዝቃዜ የሚወስድ ነበር። ተፈጥሮ ለብቻዋ ብትተው ቁልቁል ነበረች። እኛ ነን ሽቅብ የወሰድናት።

ፀሐይስ? ፀሐይም በየ11 ዓመቱ ትንሽ ትደምቃለች፣ ትንሽ ትፈዛለች። ልዩነቱ 0.1 በመቶ ቢሆን ነው። ከ1978 ጀምሮ በሳተላይት እየተለካች ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ድምቀቷ አልጨመረም፣ ሙቀቱ ግን ጨምሯል። ደግሞም ምክንያቱ ፀሐይ ብትሆን የላይኛውም የታችኛውም አየር አብሮ መሞቅ ነበረበት። እየሆነ ያለው ግን የታችኛው መሞቅና የላይኛው መቀዝቀዝ ነው። ብርድ ልብስ እንደለበሰ ሰው ነው። ሙቀቱ ከውስጥ ይታፈናል፣ ከልብሱ ውጪ ይቀዘቅዛል።

ብርድ ልብሱ ከየት እንደመጣም ይታወቃል። ከአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ተቆፍሮ በወጣ ጥንታዊ አየር የ800,000 ዓመት ታሪክ ተነቧል። በዚያ ሁሉ ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ ከ300 ብዙም ያለፈበት ጊዜ የለም። ከፋብሪካው ዘመን በፊት 280 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ይህ ትርፍ ካርቦን ማንነቱን ይዞ ነው የሚዞረው። ከሰልና ነዳጅ ለሚሊዮን ዓመታት መሬት ውስጥ ስለተቀበሩ ካርቦን 14 የሚባለው፣ በጊዜ ብዛት እየከሰመ የሚጠፋው የካርቦን ዓይነት አልቆባቸዋል። በአየር ላይ ያለው የካርቦን 14 ድርሻም በዚህ የተነሳ መሳሳቱን ሳይንቲስቶች ከ1950ዎቹ ጀምሮ አይተዋል።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ።

"ዛፉን እኛው ጨረስነው" ያሉት ሐሰት አይደለም። ደን ሲመነጠር አፈሩ ይታጠባል፣ ምንጩ ይደርቃል፣ አካባቢው ይግላል። ይህን ያዩት በዓይናቸው ነው፣ ማንም አይነግራቸውም። ግን የአንድ ወንዝ ዳር መራቆትና የዓለም መሞቅ አንድ መጠን ያላቸው ነገሮች አይደሉም። ሰው በዓለም ዙሪያ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደን ምንጣሮና ከመሬት አጠቃቀም የሚመጣው አንድ አሥረኛ ያህሉ ነው። የቀረው ከሰልና ነዳጅ ነው። ዛፍ መትከሉ ለመሬቱም ለውሃውም እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን አገር ቤት በየስብሰባው ገበሬውን የሙቀቱ ዋና አጥፊ አድርጎ የሚነግረው ሰው ሲበዛ ያናድደኛል። ስሌቱ እንደዚያ አይልም።

ስሌቱ ይሄ ነው። አንድ ጀርመናዊ በአማካይ ከነዳጅና ከከሰል በዓመት 7 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደርሰዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ 0.2 ቶን እንኳን አይደርሰውም። የከብቱ ሚቴንና የእርሻው ሲጨመርበት የእኛም ከፍ ይላል፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ከብት ብዙ ነው ያለን። ያኔም ቢሆን ከጀርመኑ በብዙ ያንሳል። አገር ቤት ያለው መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመነጨው። እዚህ ግን ከመብራቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ አሁንም ከድንጋይ ከሰል ነው። በሕግ ቢበዛ እስከ 2038 እንዲቆም ተወስኗል።

ስለ ድርቁም ልናገር፤ ተፈጥሮና ሰው እንዴት እንደሚቀላቀሉ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላየሁም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። የቦረና ከብት በየሜዳው ወደቀ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ላኒና ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲቀዘቅዝ የእኛ ምሥራቅና ደቡብ ይደርቃል። ይህ ጥንትም የነበረ የተፈጥሮ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ሦስት ዓመት ተከታትሎ መጣ። ወርልድ ዌዘር አትሪቡሽን የተባለ የሳይንቲስቶች ቡድን በ2023 ነገሩን ሲያጠና ሌላ ነገር አገኘ። ዝናቡ ማነሱ ብቻውን ያን ያህል ጥፋት አያመጣም ነበር። ሙቀቱ ግን የወረደችውንም ትንሽ ዝናብ ከአፈሩ ውስጥ መጥጦ ወሰዳት። ሰው ያመጣው ሙቀት ያን ዓይነት ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል አሉ። ላኒና በሩን አንኳኳች፣ በሩን ቀድሞ የነቀለው ግን ሙቀቱ ነው።

እዚህም አልቀረላቸውም። ሐምሌ 2021 ምዕራብ ጀርመን ያለው አር የሚባል የወንዝ ሸለቆ በጎርፍ ተመታ። በጀርመን ከ180 ሰው በላይ ሞተ። ያን ሰሞን ጎረቤቶቼ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ አብሬም አዝኛለሁ። ሐዘን ሐዘን ነው። ግን ከሁለት ወር በኋላ መንግሥት ለመልሶ ግንባታ 30 ቢሊዮን ዩሮ መደበ። የቦረናው አርብቶ አደር ከብቱ ሲያልቅበት የጠበቀው የእርዳታ መኪና ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ አንድ ነገር አለ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከሰሃራ በታች ያለው ሳህል በተደጋጋሚ በድርቅ ተመትቷል። ያኔ ብዙ ሊቃውንት ጥፋቱን በራሱ በነዋሪው ላይ ጣሉት፤ ከብት አበዛ፣ ሣር ጨረሰ፣ በረሃውን ጠራው ተባለ። ኋላ ላይ ግን ሌላ ምክንያት ወጣ። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ያወጡት የሰልፈር ጭስ የሰሜኑን አትላንቲክ አቀዘቀዘው። የዝናቡ መቀነት በዚህ ምክንያት ወደ ደቡብ ሸሸ። የውቅያኖሱ የተፈጥሮ ለውጥም አለበት፣ ጭሱ ብቻውን አይደለም። ቢሆንም አንድ ልጅ ጭስ የሚባል ነገር በሌለበት መንደር ሲራብ፣ ከራቡ ምክንያት ጥቂቱ በሰው አገር የጭስ ማውጫ ላይ ነበር። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔም ከዚህ ውጪ አይደለሁም። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ስበር የእኔ ድርሻ ወደ አንድ ቶን ገደማ ነው። አጎቴን ላያቸው አንድ ጊዜ ስሄድ፣ አንድ የአገሬ ሰው በአምስት ዓመት የሚደርሰውን አቃጥዬ ነው የምደርሰው። መሄዴን አልተውም። ግን ከዚህ በኋላ ለሁለት ሳምንት ብዬ አልበርም፤ ስሄድ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በቀደም መልሼ ደወልኩላቸውና ይህን ሁሉ ባጭሩ ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ ኃጢአቱ የእርስዎ አይደለም" አልኳቸው።

"ታዲያ ችግኙን ልተወው?"

"አይተዉት። ምንጩን ይመልስልዎታል።"

ትንሽ አሰቡና፣ "እነሱስ ይህን ያውቃሉ?" አሉኝ።

ያውቃሉ፣ አልኳቸው። ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት በ1856 ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጠርሙስ ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ከሌላው አየር ይበልጥ እንደሚሞቅ አይታለች። ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለ ስዊድናዊ ደግሞ በአየር ላይ ያለው ካርቦን እጥፍ ቢሆን ዓለም ስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ አስልቶ አሳትሟል። ዓመቱ 1896 ነበር።

"በእኛ ስንት ነው?"

"1888። የአድዋ ዓመት።"

"በአድዋ ዓመት!"

"አዎ ጋሼ።"

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ፣ ዘንድሮ ቶሎ የሚደርስ ዘር ከየት እንደሚገኝ ይጠይቁኝ ጀመር።