በእንቁላሉ ያልተቀጣው መርማሪ

ማለዳ ነው። ሱቁ ገና አልተከፈተም። አከፋፋዩ ዳቦና ወተቱን በር ላይ አስቀምጦ ሄዷል። በዚያ የሚያልፍ አንድ ሰው ለቁርሱ የሚበቃውን ያነሳና መንገዱን ይቀጥላል። ሰውየው ፖሊስ ነው። ያውም መርማሪ ፖሊስ።

የስኮትላንዳዊው ደራሲ የኢያን ራንኪን መርማሪ፣ ጆን ሪበስ፣ ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1987 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሪበስ ያኔ ገና ሳጅን ነበር፤ ኢንስፔክተር የሆነው በኋላ ነው። እኔ ያንን ገጽ መጀመሪያ ሳነብ ስቄ አልፌዋለሁ። ርቦት ነው፣ ምን ይደረግ፣ ብዬ።

ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ የተከታታዩ 25ኛ መጽሐፍ ወጣ። ሪበስ የታሰረው እዚያ ላይ ነው። በኤድንብራ ከተማ ምዕራብ፣ የአገሩ ሰው ሶክተን በሚለው እስር ቤት ውስጥ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲልክበት ወደኖረው ግቢ በመጨረሻ ራሱ ገባ።

ከዚህ በኋላ የታሪኩን መጨረሻ ስለማወራ፣ ገና ላነብ ነው የምትሉ እዚህ ላይ ብታቆሙ አልቀየምም።

ተከታታዩን የሚወድ አንድ ጓደኛ አለኝ። በጣም ነው የተናደደው። ሽማግሌ ነው፣ በሽተኛ ነው፣ ጡረታ ወጥቷል፤ ደራሲው ውሻውን ይዞ በሰላም እንዲያረጅ ቢተወው ምን ነበረበት፣ ይላል። እስር ቤት ማስገባቱ ለእሱ ክህደት ነው። እኔ ግን ራንኪን በዚህ ሁሉ ዓመት ካደረገው ሁሉ ትክክለኛው ነገር ይህ ነው ባይ ነኝ። እንዲያውም ዘግይቷል።

ነገሩን ለማየት ጊዜ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። በወንጀል ልብወለድ ዓለም መርማሪ አያረጅም። አጋታ ክሪስቲ ኤርኩል ፑዋሮን በ1920 ስታስተዋውቀን ሰውየው ከቤልጂየም ፖሊስ ጡረታ ወጥቶ ነበር። የመጨረሻ መጽሐፉ የታተመው በ1975 ነው። እስቲ አስሉት፤ ስንት ዓመቱ ሊሆን ነው? የዦርዥ ሲምኖን ሜግሬም ከ1931 እስከ 1972 በ75 ልብወለዶች ውስጥ ፒፓውን እያጨሰ አምሳዎቹ አካባቢ ቆሞ ቀርቷል። ጦርነት መጣ፣ ሄደ፣ ፓሪስ ተለወጠች፤ እሱ ያው ነው። አንባቢም አልጠየቀም። የማያረጅ ሰው ደግሞ ሒሳብ አይጠራቀምበትም። እያንዳንዱ መጽሐፍ አዲስ ቀን ነው፤ ትናንት የተደረገው ትናንት ቀርቷል።

ራንኪን ይህን በር ዘጋው። ሪበስን ከመጻሕፍቱ ጋር እኩል አስረጀው። ስኮትላንድ ውስጥ በ2006 በዝግ ቦታ ማጨስ ሲከለከል፣ ሪበስም እንደማንኛውም ሰው ሲጋራውን ይዞ ደጅ ወጣ። እንደ እሱ ያለ መርማሪ በ60 ዓመቱ ከፖሊስ መሰናበት አለበትና፣ በ2007 የወጣው መጽሐፍ ላይ እሱም ተሰናበተ። ከዚያ በፊት የነበረው ጣቢያው የምርመራ ክፍሉ ሲዘጋ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሮ ነበር። እዚያ ሲደርስ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ እንኳ አልተዘጋጀለትም። ሂድ አላሉትም፤ ጠረጴዛ ብቻ ነው የነሱት። በቢሮ የሠራ ሰው ይህችን ትርጉም ያውቃታል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃው ነው። ሪበስ የሚኖረው ማርችመንት በሚባል ሰፈር፣ አርደን ስትሪት ላይ፣ ባረጀ የድንጋይ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። ደራሲው ራሱ በተማሪነቱ የኖረበት መንገድ ነው። ከመጽሐፍ መጽሐፍ ያንን ደረጃ ሲወጣ እናያለን። ጠጥቶ ይወጣዋል፣ ተደብድቦ ይወጣዋል። ከዚያ ስር የሰደደ የሳንባ በሽታ እንዳለበት ይነገረዋል። ሲጋራው ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። በ2020 የወጣው መጽሐፍ ሲከፈት ዕቃው ወደ ምድር ቤት እየወረደ ነው። ያው ሕንፃ፣ ያው መግቢያ በር፣ ግን ደረጃ የሌለው ቤት። ዕቃውን በማውረድ የምታግዘው የቀድሞ ባልደረባው ሺቮን ክላርክ ናት። ብሪሎ የሚባለው ውሻው ብቻ ነው ደስ ያለው፤ ጓሮ አገኘ። ተኩስ የለም፣ ሬሳ የለም፣ ሳጥን የሚያወርዱ ሰዎች ብቻ። ከተከታታዩ ሁሉ ይህን ያህል ያሳዘነኝ ቦታ የለም።

እንግዲህ ጊዜ በሰውነቱ ላይ እንዲህ በሐቅ ከሠራ፣ በሥራው ላይ እንዴት ሳይሠራ ይቀራል? ሳንባው የሲጋራውን ዋጋ ከከፈለ፣ ሰውየው የሌላውን ዋጋ ሳይከፍል በምን ሒሳብ ያመልጣል?

ሌላው ደግሞ ትንሽ አይደለም። በአንደኛው መጽሐፍ በአለቃው በጊል ቴምፕለር ላይ የሻይ ኩባያ ወርውሮ ወደ ፖሊስ ኮሌጅ ለተሐድሶ ይላካል። (ከሻዩ ጀርባ ሌላ ነገር አለ፤ ለሚያነብ ትቼዋለሁ።) ይህ ያስቃል። በ1997 የወጣውና በብሪታንያ የወንጀል ደራሲያን ማኅበር የወርቅ ሽልማት ያገኘው መጽሐፍ ግን አያስቅም። መጽሐፉ በአንድ በኩል በ1968 እና 1969 ግላስጎው ውስጥ ሦስት ሴቶች ገድሎ እስከዛሬ ስላልታወቀው እውነተኛ ነፍሰ ገዳይ ነው። በሌላ በኩል ግን ስለ አንድ የቆየ የፖሊስ ጉዳይ ነው። የሪበስ የድሮ አለቃ ያሳሰረው ሰው ንጹሕ ነኝ እያለ እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። ማስረጃው የተገኘበት መንገድ የጸዳ አልነበረም፤ ሪበስ ያኔ የአለቃውን ቃል ደግፎ አልፎታል። አንባቢው ይህን ያውቃል። አውቆም ወደሚቀጥለው መጽሐፍ ይሄዳል። እኔም ሄጃለሁ።

ያቺን ተረት ሁላችንም እናውቃታለን። ልጁ እንቁላል ሰርቆ መጣ፤ እናቱ ተቀብላ ዝም አለች። አድጎ በሬ ሰረቀ። ሊሰቀል ሲወሰድ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት። ሪበስ ዳቦና ወተቱን ይዞ ሲመጣ የሳቅነው እኛ ነን። ከጓደኛዬ ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። እሱ ደራሲው ሪበስን ከዳው ይላል። የእናትየውን ቦታ ይዘን የቆየነው ግን እኛ አንባቢዎች ነን።

ደግሞ ራንኪን ሳይነግረን አልቀረም። ሪበስን በ2007 ጡረታ ካወጣ በኋላ፣ በ2009 ማልኮም ፎክስ የሚባል አዲስ ባለታሪክ አመጣ። ፎክስ ፖሊሶችን የሚመረምር ፖሊስ ነው። አይጠጣም፣ ፋይሉ የተስተካከለ ነው፣ ማንም አይወደውም። በ2012 ሪበስ የቆዩ መዝገቦችን በሚያገላብጥ ክፍል ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ ሁለቱ ተገናኙ። አብዛኞቻችን ፎክስን ጠመድነው፤ ነገረኛ፣ ደረቅ፣ አሳባቂ። መጽሐፉን ዘግቼ ሳስበው ግን ፎክስ የሚላቸው ነገሮች ሁሉ እውነት ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሥርዓት ባለው ፖሊስ ቤት ውስጥ እንዴት ይህን ያህል ቆየ፣ ነው ጥያቄው። መልሱ ቀላል ነው። ውጤት ስለሚያመጣ።

ከተማዋም ለዚህ የተፈጠረች ናት። ኤድንብራ በአስራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ብሮዲ የሚባል የተከበረ አናጺ ነበራት። ዲከን ብሮዲ ይሉታል፤ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሆኖ አይደለም፣ የሙያ ማኅበሩ አለቃ ስለነበረ ነው። ቀን የሀብታሞችን ቁም ሣጥንና ቁልፍ ይሠራል። ማታ በሠራው ቁልፍ ቤታቸው ይገባል። በ1788 ተሰቀለ። የከተማዋ ልጅ የሆነው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በልጅነቱ መኝታ ቤቱ ውስጥ ብሮዲ የሠራው ቁም ሣጥን ነበር። አድጎ በአንድ አካል ስለሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ ስለ ዶክተር ጄኪልና ስለ ሚስተር ሃይድ ጻፈ። ራንኪን የመጀመሪያውን የሪበስ መጽሐፍ ሲጽፍ ልቡ ያለው እዚህ ታሪክ ላይ ነበር። ሪበስ የሚለው ስም ራሱ በሥዕል የሚቀርብ እንቆቅልሽ ማለት ነው። ቀን ሕግ፣ ማታ ሌላ። ብሮዲ መጨረሻው ምን እንደሆነ ደግሞ ተናግሬያለሁ።

የሪበስ ማታ ስም አለው፤ ካፈርቲ ይባላል። ሞሪስ ጄራልድ ካፈርቲ፣ የከተማዋ የወንበዴዎች አለቃ። ሁለቱ ለዓመታት ሲፋለሙ እርስ በርስ ተመሳሰሉ። አንዱ ሲያረጅ ሌላውም አረጀ። ያለ ሌላው ማን እንደሆኑ የማያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ሆኑ። በ2022 የወጣው መጽሐፍ ሲጀምር ሪበስ ፍርድ ቤት፣ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሟል። መጨረሻው ላይ ነገሩ ወደ ካፈርቲ እንደሚወስድ እናያለን፤ እስር ቤት የከተተውም ይኸው ነው። በመሃል ደግሞ የአንድ ጣቢያ ፖሊሶች የቆሸሸ ታሪክ ሊወጣ ሲል፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ የሪበስም እጅ እንደነበረበት ይገለጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ይህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ራንኪን የሰር ማዕረግ የተሰጠው በዚያው ዓመት ነው። ደራሲው ማዕረግ ሲቀበል ባለታሪኩ ተከሳሽ ሳጥን ገባ።

የእስር ቤቱ መጽሐፍ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። በተቆለፈ ክፍል ውስጥ አንድ እስረኛ ይገደላል። ሪበስ እንደ ድሮው መጠያየቅ ይጀምራል። ውጪ ሺቮን የምትከታተለው የጠፋች ልጅ ጉዳይና ውስጥ ያለው ግድያ የሚገናኙበት መንገድ ለእኔ ትንሽ በዝቷል። ግን ሰውየው ያለ መታወቂያ፣ ያለ መኪና፣ ያለ መጠጥ ምን እንደሚመስል ማየት ሌላ ነገር ነው። ያቺ አሮጌ ሳብ መኪናው የለችም። ዘወትር የሚቀመጥበት፣ ያንግ ስትሪት ላይ ዛሬም ያለው ኦክስፎርድ ባር የለም። ዙሪያውን ያሉት እስረኞች ፖሊስ እንደነበረ ያውቃሉ። እዚያ ውስጥ በሕይወት የሚቆየው አንድ የወንበዴ አለቃ ጥላ ስላደረገለት ነው። ከዚህ የባሰ ውርደት ለሪበስ ማሰብ ይከብዳል፤ ተቀብሎት ይኖራል።

በዚያው በ2024 በቢቢሲ የቀረበ አዲስ ድራማ ሪበስን ወጣት አድርጎ አምጥቶታል። ጎረምሳ ነው፣ ጸጉር አለው፣ ደረጃ ይሮጣል። ጓደኛዬ ወዶታል። ጥሩ ድራማ ነው፣ አልዋሽም። ሆኖም እያየሁት ደስታዬ ከምን እንደመጣ ገብቶኛል። ዕዳው ገና አልተጠራቀመም። እንደገና ብንስቅ የሚከለክለን የለም።

ከሰሞኑ የመጀመሪያውን መጽሐፍ እንደገና ከፍቼ ነበር። ዳቦና ወተቱ ያለበት ቦታ ስደርስ፣ በፊት ያላሰብኩትን ሰው አሰብኩ። ባለሱቁን። መጥቶ በሩን ሲከፍት የጎደለውን አይቶ ለማን እንዳመለከተ መጽሐፉ አይናገርም። ለፖሊስ ይሆናል።