ይድረስ ለተከበሩ አቶ ነጥብ፣ ባሉበት ሰማይ

ጤና ይስጥልኝ አቶ ነጥብ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆትና ከወገቤ ሕመም በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወደ ወገቤ እመለሳለሁ።

እኛ ጎንደሬዎች ነጥብ የምናውቀው ከኳስ ነው። ፋሲል ከነማ ሲያሸንፍ ሦስት፣ አቻ ሲወጣ አንድ። በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ «የመጀመሪያው ዙር ነጥባችሁ ጊዜው አልፎበታል» ያለን ሰው የለም። እርስዎ ግን ሌላ ዓይነት ነዎት። እርስዎ አየር መንገድ ለደንበኛው በበረረ ቁጥር የሚቆጥርለት፣ ሲጠራቀም ነጻ ትኬት የሚያሰጥ ነጥብ ነዎት። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 የነጥብ ፕሮግራሙን ከጀመረ ወዲህ ዘርዎ ሰማዩን ሞልቶታል። ማይል የሚልዎትም አለ።

አምና የእህቴ ልጅ ክርስትና ፍራንክፈርት ነበር። ሁለት ትኬት ቀረበልኝ። አንዱ ከአዲስ አበባ ማታ ተነስቶ ጠዋት እዚያው ያደርሳል። ሌላው በሰው አገር ያዞራል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ወንበር ላይ ያስቀምጣል፣ በዚያ ላይ 9,000 ብር ይበልጣል። ጤነኛ ሰው የትኛውን ይመርጣል? የእርስዎ ካርድ ግን ያለኝ ሁለተኛው ዘንድ ነው። ሲልቨር ለመባል፣ ማለትም ከተራ ደንበኛ ከፍ ወዳለው ማዕረግ ለመውጣት፣ 3,000 ነጥብ ብቻ ይቀረኝ ነበር።

እማዬ «ልጄ፣ በገዛ ገንዘብህ ለምን ትንገላታለህ?» አለችኝ።

«ነጥብ አለኝ።»

«የት?»

ወደ ላይ አመለከትኳት። «ላም አለኝ በሰማይ» አለችና ተረቱን ሳትጨርስ ወደ ጀበናዋ ዞረች።

አሥራ አንዱ ሰዓት እንዴት አለፈ አይበሉኝ። ወገቤ የቀረው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ከአዘዞ ስነሳ የተቋጠረልኝ ዳቦ ቆሎ ባይኖር ነፍሴም አትተርፍም ነበር። አንድ ስኒ ቡና የጠጣሁበት ብር ቅዳሜ ገበያ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ይገዛል።

ተመልሼ እርስዎን ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት። አንድ ወር። ደወልኩ። «ጌታዬ፣ የትኬትዎ ፊደል ነጥብ አያሰጥም» አለችኝ ልጅቷ፣ በጣም በትሕትና። ለካ እያንዳንዱ ትኬት ፊደል አለው። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ዓይነት ዶሮ በልተን አንዱ ሙሉ ያገኛል፣ አንዱ ሩብ፣ አንዱ ምንም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ በአርጩሜ ሀሁን አስተማሩኝ እንጂ ይኼኛው ፊደል ከዚያኛው ይበልጣል አላሉኝም።

የድሮዎቹ ነጥቦቼስ? «ጊዜያቸው አልፏል።» እንጀራ እንኳ ሲሻግት ያስታውቃል። እርስዎ ሽታ የለዎት፣ ቀለም የለዎት፤ ዝም ብለው ይጠፋሉ።

እቁብ ዳኛ አለው፣ ዕጣ አለው፣ ቢዘገይም ይደርሳል። መሃል ላይ ዳኛው ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ አሥር ሺው እንደ ስድስት ሺ ይቆጠራል» ቢል ሰፈሩ ይነሳበታል። እርስዎ ይህንን በኢሜይል ያደርጉታል፤ ለዚያውም «የምሥራች» ብለው። ለገና ወይም ለጥምቀት ልምጣብዎ ሲባል የነጥብ ወንበር አልቋል። ከተገኘም ነጻ ትኬቱ ግብር አለው፣ የነዳጅ ጭማሪ አለው። ድግስ ተጠርቶ በር ላይ መግቢያ እንደ መክፈል ነው።

እንዳላማዎት፣ ያወቀበት ይጠቀምብዎታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ በሌላው አባል በሉፍታንዛ የበረረ ሰው እንኳ ነጥቡን የኢትዮጵያ የነጥብ ፕሮግራም በሆነው ሼባማይልስ ላይ ማስቆጠር ይችላል (ፊደሉ ከፈቀደለት)። ሁሉን አንድ ጋን ውስጥ ነው የሚያጠራቅመው። እኔ ሞኙ አምስት ካርድ አምስት ቦታ አለኝ፤ በየካርዱ ጭላጭ።

ትናንት ደግሞ «ናፍቀውናል፤ በሁለት ወር ውስጥ ከበረሩ ድርብ ነጥብ» የሚል መልእክት ላኩብኝ። አፍሬ ነው የምነግርዎት፣ ወገቤን እያሸሁ የትኬቱን ዋጋ አየሁ።

ለማንኛውም በዚህ ደብዳቤ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አራት አራት ነጥብ አስቀምጫለሁ። ቆጥረው ሒሳቤ ላይ ያስገቡልኝ።

አክባሪዎ፣
ሲልቨር ለመሆን ዛሬም 3,000 የሚቀረው ጎንደሬ