ብዙ የተደጋገመ ቃል ሁሉ ጭብጥ አይደለም

"ልብ ወለዱን ቮያንት (የጽሑፍ ቃላትን የሚቆጥር የኢንተርኔት ሶፍትዌር) ላይ ጫነው፣ ጎልቶ የወጣው ቃል ጭብጡ ነው" ላልከው ወንድሜ፣ ይቅርታ ግን ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው ግን እንደዛ ነው የሚያስበው። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው የፊደል ጥርቅም ነው በቃ፣ ትርጉም የሚባል ነገር አያውቅም። የአማርኛ ልብ ወለድ ስትጭን መጀመሪያ የሚመጡልህ ነበር፣ ግን፣ ነው፣ ላይ ናቸው፣ እነሱን በስቶፕወርድ (እንዳይቆጠሩ በሚታለፉ ቃላት ዝርዝር) ስታወጣቸው ደሞ የገጸ ባህሪ ስም ይግተለተላል። አማርኛ ላይ ደሞ የባሰው ፍቅር፣ የፍቅር፣ በፍቅር፣ ፍቅሯ ለማሽኑ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ዓለምና አለምም እንደዛው፣ ስለዚህ ሳታጸዳ የቆጠርከው ቁጥር ራሱ ገና ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

ፍቅር እስከ መቃብርን እንኳን ውሰድ። የዘርና የመደብ ጉዳይ የመጽሐፉ አንዱ ምሰሶ ነው፣ ግን ያንን የምናገኘው ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ሲኩራሩ፣ በዛብህ የደሃ ልጅ ሆኖ የሳቸውን ልጅ ሰብለን ሲወድ ነው፣ በንግግርና በድርጊት ማለት ነው፣ አንድ ቃል ስለተደጋገመ አይደለም።

ቶፒክ ሞዴሊንግ (ኮምፒውተር የጽሑፉን ርዕሰ ጉዳዮች ከቃላቱ እንዲለይ የሚሞክር ዘዴ) ይሻላል የምትሉም ትንሽ ቀስ በሉ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤልዲኤ (LDA) የሚባለው ታዋቂው ዓይነትም ቢሆን አብረው የሚመጡ ቃላትን ቡድን ነው የሚሰጥህ፣ ስንት ቡድን እንደሚሆን የምትወስነው አንተ፣ ስም የምታወጣለትም አንተ።

ቮያንት ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ አንብበህ ጥያቄ ይዘህ ግባ፣ ከዛ ቃሉን እዛው ቮያንት ውስጥ ኮንቴክስትስ የሚባለው ላይ ፈልገህ ግራ ቀኙን አንብብ፣ ትሬንድስ የሚባለው ላይ ደሞ የመጽሐፉ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚበዛ እይ።