ራጁ ደህና ነው ከተባለ በኋላስ?

ጸሐፊው በልጆች የእጅ አንጓ ስብራት ላይ ባቀረቡት ጽሑፍ ስለ ቀዶ ሕክምናው በሰፊው አብራርተው፣ ከጀሶ በኋላ ስለሚደረገው ክትትል ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። የ11 ዓመት ልጄ አራት ኪሎ ሰፈራችን ውስጥ ኳስ ሲጫወት በመዳፉ ተደግፎ ወደቀ፤ መጀመሪያ የወሰድነው ክሊኒክ ራጁን አይቶ «ወለምታ ነው» ብሎ በፋሻ ጠቅልሎ ሸኘን። ልጁ ግን በሦስተኛው ቀንም የሻይ ብርጭቆ ማንሳት አልቻለም፤ ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ በአውራ ጣቱ በኩል ሲነካም ይጮህ ነበር። እናቴ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሽ ስትል እንኳንም እሺ አላልኩ።

ሌላ ሐኪም እንዳስረዱን፣ አጥንት የሚረዝምበት ልም አጥንት በራጅ ላይ በጉልህ ስለማይታይ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ሐኪሞቹ ሳልተርና ሃሪስ ለዚህ ልም አጥንት ጉዳቶች ካወጡት ምደባ 1ኛው ዓይነት ጉዳት (ስብራቱ በልም አጥንቱ ብቻ የሚያልፍበት) አጥንቱ ካልተንሸራተተ ከራጅ ሊሰወር ይችላል፤ ስለዚህ ቦታው ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጁ ደህና ቢመስልም እንደ ስብራት ይያዛል። ራዲየስ የሚባለው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን እድገቱን የሚያገኘው ከዚሁ ከአንጓው ጫፍ በመሆኑ፣ እዚያ እድገት ቢቆም ጎረቤቱ አልና (በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት) ብቻውን እየረዘመ እጁን ያጣምማል። ይህ ደግሞ ጀሶው በወለቀበት ዕለት ሳይሆን ከወራት በኋላ የሚታይ ነው። የልጄ ጀሶ ከወለቀ አራት ወር ሆኖታል፤ ለቀጣዩ ራጅም ቀጠሮ ይዘናል።